የአባይን ልጅ ውሃ ወሰደው

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ ስለ ወንዝ ቀዘፋ የተደረገ ንግግር)



 እኛ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከአምበርና ከአካባቢዋ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ነን። ከአዲስ አበባ ወደ አገራችን የሚሄድ ሰው ጎሐ ጽዮንን ለቆ፣ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀንንም አልፎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ለትምህርት በመጣንና ለዕረፍት በተመለስን ቁጥር አባይን እንሻገራለን። ይሁን እንጂ የምንሻገረው በአውቶቡስ ተቀምጠን ነውና ወንዙን እናውቀዋለን ብለን ልንመካ አንችልም። በመስኮት አንገታችንን አውጥተን «አባይ! አባይ!» እንላለን፤ ጥቂት እናንጎራጉራለን፤ ከዚያም ዳገቱ ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደናል።

የዛሬው ንግግራችን አረፋ እየደፈቀ በሚንደረደር የተራራ ወንዝ ላይ በጀልባ ስለ መቅዘፍ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቻችን ሥቀውብናል። «አገሩ ስንት ችግር እያለበት እናንተ ደግሞ የፈረንጅ ጨዋታ ልታመጡብን ነው?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ ባይኖረን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልተሻማን ነበር። መልሳችን ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድትሰሙን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ተጓዦቹ የውጭ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ወንዙ እንናገር። አባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከሱዳን ጠረፍ ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በመካከሉ ያለውን ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት የሚወርደው ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ መቀነት ዞሮ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራም ሙጋን፣ ሱሃን፣ ጨሞጋን፣ ጀደብን፣ ተምጫንና ሌሎችንም ወንዞች ከየአቅጣጫው ይልክለታል። እነዚህ ወንዞች ከላይ በአስታና በጅባራ መካከል፣ ቀጥሎም በቀርከሃና በወይራ ሥር፣ ከታች ደግሞ በዋርካ፣ በዶቅማና በሽመል ጥላ እየተሽሎከሎኩ ይወርዳሉ። በበጋ ልጆች ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሯቸዋል። በክረምት ግን ያው የልጆች መጫወቻ የነበረው ወንዝ በሬ ከነቀንበሩ ይዞ ይሄዳል። ከዓመቱ ውሃ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳልና።

በዚህ ወንዝ ላይ በጀልባ ለመውረድ የተደረገው ሙከራ ረጅም ታሪክ አለው። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ የብረት ጀልባዎች አሠርቶ፣ አስጭኖ አምጥቶ አባይ ላይ አወረዳቸው። ጀልባዎቹ ጥቂት ኪሎሜትር እንደ ሄዱ ከቋጥኝ ጋር ተላትመው ተሰባበሩ። ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ደግሞ ወንዙን በጀልባ መውረድ እንደማይቻል ስለ ተረዳ፣ በበቅሎና በእግር ከአፋፉ አፋፍ እየተጓዘ አካሄዱን በካርታ ላይ አሰፈረ። በ1962 ከስዊስ አገር የተነሣ የቀዛፊዎች ጓድ ከሸፋርታክ ድልድይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ወደ ጠረፉ በተቃረበበት ጊዜ ሽፍቶች ተኩሰው ሁለቱን ገደሉ። በ1965 አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ ካያክ በምትባለው የአንድ ሰው ቀጭን ጀልባ ብቻውን ከሸፋርታክ ተነሥቶ ሱዳን ገባ። በማግሥቱ ዓመት ከአንድ ጓደኛው ጋር ተመልሶ ከጣና በታች ያለውን የላይኛውን ክፍል ቢሞክር ግን ጀልባው ተገልብጦ አልሆነለትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዞ የ1968ቱ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ፣ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል መሪነት፣ እንግሊዛውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮችና ሊቃውንት ተሰብስበው በነሐሴና በመስከረም፣ ማለት አባይ አፉን ከፍቶ በሚያገሣበት ወራት፣ ወንዙን ወረዱት። የታችኛውን ክፍል በትላልቅ የጦር ሠራዊት ጀልባዎች፣ የላይኛውን በአየር በተነፉ ትናንሽ የጎማ ጀልባዎች ሄዱ። የብረቱን ጀልባ የሰበረው ቋጥኝ የጎማውን ጀልባ አጥፎ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ኃይለኛ ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች የጎማ ጀልባን ሲመርጡ የዚህ ጉዞ ልምድ ረድቷቸዋል። ጉዞው ግን ያለ መሥዋዕትነት አልተፈጸመም፤ ኮርፖራል ኢያን ማክላውድ የተባለው ወታደር አንድ ገባር ወንዝ በገመድ ለመሻገር ሲሞክር ሰጠመ። ይህን ስምና ይህን ገመድ እንድታስታውሱልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1972 አምስት ወጣት እንግሊዛውያን በካያክ የላይኛውን አባይ ቀዘፉ። መሪያቸው ማይክ ጆንስ እንደ እኛው ተማሪ ነበር፤ ሕክምና ይማር ነበር። ይኸው ሰው በ1976 ከኤቨረስት ተራራ ሥር የሚነሣውን ወንዝ ወረደ፤ በ1978 ደግሞ በፓኪስታን አንድ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለማዳን ሲል ሞተ። በ1973 የመጡ አሜሪካውያን ወጣቶች አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ወርደው ድርጅት አቋቋሙ፤ የድርጅታቸውንም ስም በጥንታውያን ግብጻውያን የአዞ አምላክ ሶቤክ ብለው ሰየሙት። በመጨረሻም ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን በታኅሣሥ 2003 ከኢትዮጵያ ተነሥተው አባይን ይዘው በ114 ቀን ሚያዝያ 2004 ላይ ከእስክንድርያ ባሕር ደረሱ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስም ስንዘረዝር ከመካከላችሁ አንዱ «የእኛስ ሰው የት አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። የእኛ ሰው በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ዳሩ ግን ጀልባው ላይ ሳይሆን ከዳር ነው። ስንቅ ተሸክሞ አለ፤ መንገድ መርቶ አለ፤ በ1968 ደግሞ ወታደሮቻችንና ሊቃውንቶቻችን ነበሩበት። ወንዙን ግን የእኔ ዕውቀት ነው ብሎ የያዘ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት አላቆምንም።

ይህ የሆነው አባቶቻችን ጀልባ ስለማያውቁ አይደለም። በጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ለዚህ ምስክር ነው። የታንኳ ብልሃት ምን እንደ ሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? ታንኳ ውሃ ቢገባበትም አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው ሆዱ ሳይሆን አካሉ ራሱ ነውና። ውሃው በደንገሉ መካከል ገብቶ በዚያው ይወጣል። የዛሬዎቹ የጎማ ጀልባዎችም ወለላቸው በቀዳዳ የተበሳው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ማዕበሉ ከላይ ሲፈስባቸው ከሥር ይወጣል። በአባይ በረሃም ቢሆን ነፋስ በተነፋ ስልቻ ደረታቸውን ደግፈው ሰውና ዕቃ የሚያሻግሩ ዋናተኞች ነበሩ። ዕውቀቱ አለ፤ የጎደለው እሱን መሰብሰብና ማስተማር ነው።

አሁን «የፈረንጅ ጨዋታ ምን ይጠቅማል?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። በሞጣ በኩል ያደጋችሁ ሰባራ ድልድይን ታውቃላችሁ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ሕዝቡ በስባሪው ላይ በገመድ እየተሳበ፣ ከሥሩ አባይ እያጓራ፣ ገበያና ጠበል፣ ሠርግና ለቅሶ ይሄድ ነበር። በ1999 አባይን በጀልባ የወረዱ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ተጓዦች ይህን አይተው ፎቶግራፉን አሳተሙ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ሥዕሉን አየና ልቡ ተነካ፤ በ2001 ድርጅት አቋቁሞ በ2002 ድልድዩን ጠገነው። በ2005 የክረምት ሙላት ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ደግሞ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ያ የመጀመሪያው ጥገና የመጣው በጀልባ የሚያልፉ ሰዎች ቀና ብለው ስላዩ ነው። እኛ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ከዚያው ተወልደን፣ ከዚያው አድገን፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣም ጆሮ የሚሰጥም አላገኘንም ነበር። ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን ዓይን ያለው ሰው ከወንዙ ላይ መገኘቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት ነው።

ከጨዋታው የሚገኘው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀዛፊ ውሃን ማንበብ ይማራል። ውሃ እንደ መጽሐፍ ፊደል አለው። ጥቂቶቹን ፊደላት እንንገራችሁ።

በሁለት ቋጥኞች መካከል የሚያልፍ ውሃ ሹሉን ወደ ታች ያደረገ ለስላሳ ምላስ ይመስላል፤ ያ መንገድ ነው። ሹሉ ወደ ላይ፣ ወደ እናንተ የዞረ ከሆነ ግን ከሥሩ የተደበቀ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ውሃው በአንድ ነገር ላይ ለጥ ብሎ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላው እየተመለሰ ነጭ አረፋ የሚያንገረግብ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያንን ፍሩት፤ የገባበትን ግንድም ሆነ ሰው ያገላብጠዋል እንጂ ቶሎ አይለቀውም። ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው፤ እንዲያውም ወደ ላይ ይፈሳል። ለቀዛፊ ማረፊያው፣ ለሚዋኝም መዳኛው እሱ ነው። ወንዙ ሲታጠፍ ጥልቁና ፈጣኑ ውሃ በውጭው በኩል፣ ቀሰስተኛውና አሸዋማው በውስጡ በኩል ይሆናል።

ደን ባለበት ወንዝ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፊደል አለ፤ ይኸውም ግንድ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምተናል። ግንዱ እስከሚዞር ድረስ ደህና ነው። ሲያርፍ ነው ክፉ የሚሆነው። ዳሩ ተንዶ ከነቅርንጫፉ የወደቀ ዋርካ ለውሃ ወንፊት ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ ሰው ይቀራል። ውሃው በኃይል እያጣበቀ ስለሚይዘው ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ከቅርንጫፉ መካከል መውጣት ይሳነዋል። ስለዚህ ቀዛፊዎች ከግንድ ይልቅ ቋጥኝን ይመርጣሉ።

ስለ ኃይሉም አንድ ነገር እንጨምር። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ። እስከ ጉልበቱ የደረሰ ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ሰው የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ የወሰደው ሰውም በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር፣ ማለት በእግሩ ለመቆም መሞከሩ፣ የሚያጠፋው ይሆናል፤ እግሩ በድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ከጀርባው ገፍቶ ይደፋዋል። ትክክለኛው ነገር በጀርባ መንሳፈፍ፣ እግርን ወደ ታች ወደሚፈስበት አቅጣጫ አንሥቶ ቋጥኙን በእግር መግፋትና ጸጥ ወዳለው ውሃ በአግድም መዋኘት ነው።

ክቡራን ሆይ፣ እስካሁን ያልነውን ማንም ሰው ከመጽሐፍ አንብቦ ሊናገረው ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁን ግን ያነበብነው አይደለም።

ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ በአንድ ሰኔ ማለቂያ፣ የፈተና ውጤታችንን ተቀብለን ወደየቀያችን እንመለስ ነበር። ከመንገዳችን ላይ ከጮቄ የሚወርድ አንድ ወንዝ አለ። ጠዋት ስንሄድ ከቁርጭምጭሚታችን አላለፈም ነበር። ከቀትር በኋላ ስንመለስ እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው፤ ተራራው ላይ ግን ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ደርሷል። ውሃው እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። ትልልቅ ሰዎች አልነበሩም። ከእኛ ጋር መጫኛ የያዘ አንድ ልጅ ነበር። ከመካከላችን ዋና የሚችለው፣ በክፍላችንም አንደኛ የወጣው ጓደኛችን መጫኛውን ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረና፣ «እኔ ልሻገርና ከዛፉ ላይ አስረዋለሁ፤ እናንተ እሱን ይዛችሁ ትሻገራላችሁ» አለን። የመጫኛውን ጫፍ የያዝነው እኛ ነበርን።

ከመካከሉ ሲደርስ እግሩ ከዳው። እኛም በሙሉ ኃይላችን መጫኛውን ሳብን። እኛ በሳብን መጠን ራሱ ከውሃው በታች ገባ። ብንለቀው የምናጣው ስለ መሰለን እጃችን እስኪላጥ ድረስ ይዘን ጮኽን። ሰዎች ደርሰው ከታች በኩል ወደ ዳር ሲያወጡት ነፍሱ የለችም። ከወደቀበት ቦታ መቶ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ወንዙ ይሰፋና አሸዋ ላይ ይተኛል፤ በበጋ የምንታጠብበት ቦታ ነው።

ወደ ለቅሶው በሄድን ጊዜ እናቱ ፊታችንን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «እናንተማ አልለቀቃችሁትም፣ ልጆቼ» አሉን። ያን ጊዜ ይህ ቃል አጽናንቶን ነበር። ዛሬ ግን እንቅልፍ የሚነሣን ይኸው ቃል ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚህ መጥተን ስለ ወንዝ አደጋ ማንበብ ስንጀምር፣ በፈጣን ውሃ ውስጥ ሰውን በገመድ አስሮ መያዝ የተከለከለ መሆኑን አወቅን። የታሰረው ገመድ ሲወጠር ውሃው ሰውየውን ወደ ላይ አያነሣውም፤ ወደ ታች ይደፍቀዋል። የያዙት ሰዎች በበረቱ ቁጥር እሱ ይጠልቃል። ምናልባት ለቀነው ቢሆን ኖሮ ወንዙ ራሱ ወደ አሸዋው ያወርደው ነበር። የኮርፖራል ማክላውድንም ስም ስናነብ ዓይናችን ያረፈው በዚያች በገመድ በምትለው ቃል ላይ ነበር። በቂ ስንቅ፣ ሐኪምና መኰንን የነበረው ጓድ እንኳ ለዚህ ትምህርት የሰው ነፍስ ከፍሏል። እኛም ከፍለናል፤ ልዩነቱ እነሱ የከፈሉበትን ትምህርት ጽፈው ለቀሩት ማስተላለፋቸው ነው። በእኛ አገር ግን ዛሬም በየክረምቱ ገመድ በወገብ ይታሰራል።

ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ገመዱን በከረጢት ውስጥ አጣጥፎ መያዝ፤ ከዳር ሆኖ አንዱን ጫፍ በእጅ ጨብጦ ከረጢቱን ውሃ ለወሰደው ሰው መወርወር፤ ሰውየውም ገመዱን በትከሻው ላይ አሳልፎ በደረቱ በኩል በሁለት እጁ ይይዛል እንጂ አያስረውም። በጀርባው ተንሳፍፎ ሲይዝ ውሃው ራሱ እንደ በር ዞር አድርጎ ወደ ዳር ያመጣዋል። የሚያሰጋ ነገር ቢመጣ እጁን ከፍቶ ይለቃል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ የታሰረ ገመድ አይለቀቅም፣ የተያዘ ገመድ ይለቀቃል።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ አልፎ ውሃው ከጠራ በኋላ፣ በኅዳር ይህን ለመሞከር ወደ አገራችን ወረድን። አራት የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍተን፣ በሳንቃና በጠፍር አያይዘን ጀልባ ሠራን። ከማዳበሪያ ከረጢት የገመድ ከረጢት ሰፋን፤ እንዳይሰጥም ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ከሥሩ አደረግንበት። ነፍስ አድን ጃኬት ከወዳጆች ተዋስን፤ ያለ እሱ ማንም እንዳይገባ ተማማልን። በዶቅማና በዋርካ በተሸፈነው ወንዝ ግማሽ ቀን ወረድን። ሦስት ጊዜ ተገለበጥን። አንድ ጊዜ ሳንቃችን ተሰብሮ መቅዘፊያችን ሄደ። ግንድ ባየን ቁጥር ወርደን ጀልባችንን በትከሻችን ተሸክመን በዳር አለፍን። ከውጭ አገር ቀዛፊዎች የወንዝ ደረጃ አንጻር፣ ማለት አንደኛው ቀላል ስድስተኛው የሞት አፍ ከሚባለው፣ የእኛ ወንዝ ከሁለተኛው አያልፍም ነበር። ይህም ቢሆን ትዕቢታችንን አጥቦ ወስዶታል።

ከአንድ ጥምዝ ላይ ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። በመጀመሪያ ዓሣ አጥማጆች መስለናቸው፣ «ምን ልታጠምዱ ነው፣ ልጆቼ?» አሉን። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በትራቸውን ወደ ውሃው ዘርግተው፣ «ከዚያ ከዋርካው ሥር አትድረሱ፤ በግ ይበላል። ከዚህኛው ድንጋይ ጀርባ ግን ጥጃ እንኳ ቆሞ ይጠጣል» አሉን። እኛ ከመጽሐፍ ያገኘነውን ፊደል እሳቸው ከከብቶቻቸው ጋር ሲውሉ አንብበውት ኖሯል! «አባቴ፣ ሲሞላስ እንዴት ይሻገራሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ውሃን ፊት ለፊት አትጋፋው። ሸርተት በልለት፤ እሱ ወደ ታች ሲወስድህ አንተ በአግድም ስረቀው። ደግሞም ማለዳ ተሻገር፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ነውና» አሉ። ቀዛፊዎች ወንዝ የሚያቋርጡት በዚሁ ሕግ ነው።

የገመዱን ነገር ግን አያውቁም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየተንሳፈፈ ሲወርድ ሌላው ከረጢቱን ወረወረለትና ወደ ዳር አወጣው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስደገሙን። ከዚያም ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «ወንድሜን በወገቡ አስረን ነው የሰደድነው» አሉ። ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ገመዱንና ከረጢቱን ለእሳቸው ትተን ወጣን።

እንግዲህ ክቡራን፣ ለዚህ ነው «የፈረንጅ ጨዋታ» የተባለውን ነገር ወደዚህ ማኅበር ያመጣነው። ዛሬ ሕዝባችን ወደ ውሃ እየቀረበ ነው። በ2011 የተጀመረው የአባይ ግድብ በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ እነ ሩቢን በካያክ የወረዱበት የሸለቆው የታችኛው ክፍል ዛሬ ሰፊ ሐይቅ ሆኗል። ሐይቅ ባለበት ዓሣ አጥማጅ ይኖራል፤ ጀልባ ይኖራል፤ ተሻጋሪ ይኖራል። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ይህ ሥራ ሽሮልን ይሆናል። የአባይን ልጅ ውሃ ወሰደው የሚለው ግን እስካሁን አልተሻረም፤ እሱን መሻር ደግሞ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ሥር የወንዝ ክበብ ይቋቋም። አባሎቹ በመጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ውሃ ማንበብና ገመድ መወርወር፣ በመጨረሻ ቀዘፋ ይማሩ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ።

ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ አባል ሁሉ አንድ የገመድ ከረጢት ይዞ ይሂድ፤ በቀዬው ባለው መሻገሪያ አጠገብ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት ያስቀምጠው፤ አወራወሩንም ለጎልማሶች ያሳይ። አሥራ አምስት ሜትር ገመድ፣ አንድ ከረጢትና አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በየመሻገሪያው ካለ ቋጥኝ ላይ ቀይ ምልክት ይቀባ፤ ውሃው ምልክቱን ከሸፈነ ማንም እንዳይሻገር፣ በተለይም ተማሪ። ለአንድ ሌሊት በሰው ቤት ማደር ውርደት አይደለም።

አራተኛ፣ እንደ እኒያ ሽማግሌ ያሉ ሰዎች የሚያውቁት ይሰብሰብና ይጻፍ። የአባይ ዋናተኞችና የጣና ታንኳ ሠሪዎች በዚህ አዳራሽ ቆመው ቢናገሩ ከእኛ የበለጠ ያስተምሩ ነበር።

እነዚህ ከተፈጸሙ በኋላ፣ ከመካከላችን ተነሥቶ አባይን ከጢስ ዓባይ እስከ ሸፋርታክ የሚቀዝፍ የኢትዮጵያ ልጅ ቢገኝ ደስታችን ወሰን አይኖረውም። እኛም ከዳር ሆነን ገመድ ይዘን እንጠብቀዋለን። ይህ ግን አራቱ ነገሮች ከተፈጸሙ በኋላ የሚመጣ ነው።

የጓደኛችንን ስም በዚህ ንግግር አልጠራንም። እናቱ ዛሬም አሉ፤ በዕረፍት ስንሄድ ሳንጠይቃቸው አናልፍም። ስለ ገመዱ ያወቅነውን ግን እስካሁን አልነገርናቸውም፤ እንንገራቸው ወይስ ዝም እንበል ብለን ብዙ ጊዜ ተከራክረን አልተስማማንም። የተስማማነው ለእናንተ ለመናገር ነው።

ሁለት የገመድ ከረጢቶች ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ስትወጡ ከቅጥር ግቢው ሜዳ ላይ እየወረወራችሁ ሞክሩ። መጀመሪያ ሲወረወር ሁልጊዜ ይስታልና፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሩት።